በቅርብ ቀን የሚል ድንኳን

እኔ ዕቃ መጣል አልችልም። ክዳኑ የጠፋ ፔርሙስ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ለልጆቼ የጠበባቸው ሹራብ፣ ሁሉም በቤቴ ቦታ አለው። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን «በሽታ» ይለዋል። ሲኒማ ቤት ተቀጥሬ፣ ከትኬት ቆራጭነቴ ጋር የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ደርበው የሰጡኝ ዕለትማ «አበቃለት ዕቃ ክፍሉ!» ብሎ ሳቀብኝ። አልተሳሳተም።

ከጅማ ወደ ባሕር ዳር የመጣነው እሱ ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ሲጀምር ነው። እኔ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ያገኘሁትን ያዝኩ። የፊልም ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። ከትኬት መስኮቴ ጀርባ ሆኜ የምሰማው ሳቅና የተኩስ ድምፅ ይበቃኛል፤ ማን ማንን እንዳገባ ሳላይ አውቀዋለሁ። የምወደው ዕቃ ክፍሉን ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚከማች ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። እያንዳንዱ ፊልም ከአዲስ አበባ ሲመጣ ባነሩን ይዞ ይመጣል። ወፍራም ላስቲክ ነው፤ የተዋናዩ ፊት ብቻ የቤቴን በር ያክላል። ከሕንጻው ፊት ይሰቀላል፣ ፊልሙ ሲያበቃ ይወርዳል፣ ተጠቅልሎ ወደ እኔ ይገባል። ከዚያ በኋላ መልሱልኝ የሚል የለም። ሁሉም ላይ፣ ወይ ከተዋንያኑ እግር ሥር ወይ ከራሳቸው በላይ፣ በትልልቁ «በቅርብ ቀን» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ አነስ ብሎ «በሁሉም ሲኒማ ቤቶች» ይላል። ፊልሙ መጥቶ፣ ታይቶ፣ ተረስቶ እንኳ ባነሩ ጨለማ ውስጥ ተጠቅልሎ «በቅርብ ቀን» ማለቱን አይተውም።

በዛጉ ክብ ቆርቆሮዎች ውስጥ ከድሮ የቀሩ የፊልም ጥቅሎችም ነበሩ። የሚያሳያቸው ማሽን ከተሸጠ ቆይቷል። እነሱን የጥበቃችን አጎት ወሰዳቸው፤ መሸንቲ አጠገብ የሚያርስ ሰው ነው፣ ዳጉሳውን ወፍ ፈጅቶበት ነበር። ፊልሙን እየተረተረ በማሳው ዙሪያ ወጠረው። ነፋስ ሲነካው እያፏጨ ያብረቀርቃል፣ ወፉም ይሸሻል አሉ። ለምስጋና ድንች ይዞልኝ መጣ። ያን ድንች ስልጥ ባለቤቴን ምን ያህል እንዳደረቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራ አስኪያጃችን ግን ክፍሉ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ሲል «ባነሮቹን አቃጥያቸው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ላስቲክ ሲቃጠል ሰፈሩን ምን እንደሚያደርገው ስለማውቅ ግን አላቃጠልኩም። እሺ ማለት ሌላ፣ ክብሪት መጫር ሌላ ነው።

አሁን ስለ እድራችን ዳኛ ልናገር። እኛ ሰፈር የእድር ሰብሳቢ ዳኛ ነው የሚባለው። እሳቸው የቆላ ድባ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ ካፖርታቸውን የማያወልቁ አዛውንት። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። እኔን ሲያገኙኝ አነጋገሬ ላይ መቀለድ ይወዳሉ። «ሄድኩ» ስል «ሄድሁ በይ እንጂ ልጄ፣ ምን ያንቅሻል?» ይሉኛል።

ባለቤታቸው ያረፉት በነሐሴ ነው። የእድሩ ድንኳን የዛሬ ስንት ዓመት የተገዛ ሸራ ነበር፤ ስፌቱ በየቦታው ተጠግኗል፣ ጥገናውም ተጠግኗል። በለቅሶው ማግስት ከሐይቁ በኩል ዝናብ ነፋስ ቀላቅሎ ሲመጣ ሸራው ከላይ ተተረተረ። ውኃው በሰው ላይ ወረደ። ለቀስተኛው መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ዳር ሳበ። ከዚያ ተነሣ። «እግዜር ያጥናዎት፣ ነገ እንመጣለን» እያለ ጃንጥላ ያለው በጃንጥላ፣ የሌለው ነጠላውን ተከናንቦ ተበተነ። የአባባ ቤት ጠባብ ነው፤ ግቡ ቢሉስ የት ያስገቡታል? እኔ ወንበር ለመሰብሰብ ቀርቼ ነበርና አየኋቸው። በተቀደደው ድንኳን መካከል ካፖርታቸው ውኃ እያንጠባጠበ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ተነሡ ብላቸውም ወዲያው አልተነሡም።

ከወራት በኋላ ስለዚያ ቀን አንሥተው አጫወቱኝ። በራቸው ላይ ተቀምጠን ነበር።

«አላማኋቸውም» አሉኝ። «ዝናብ ነው። እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ግን ወደ ቤት ስገባ ድምፅ የሚባል የለም። ሰው እያለ ሐዘኑን ከሰው ጋር ተካፍዬ ነበር መሰለኝ፣ ብቻ እስከዚያ ድረስ ደኅና ነበርሁ። የሞተችብኝ ያን ሰዓት ነው።»

  ሌላ ክረምት ሳይመጣ እድሩ ዝናብ የማያስገባ ድንኳን እንዲኖረው ቆርጠው ተነሡ። በስብሰባው ሁሉ ሌላ አጀንዳ የላቸውም። የእድሩ አቅም ደግሞ አዲስ ድንኳን አይገዛም። ሰዉን አሰለቹት፤ ሲመጡ ሲያይ «ድንኳኑ መጣ» ይባባል ጀመር። እሳቸውም ይህን ሰምተዋል። እንዳልሰማ ሆነው ቀጠሉ። ግንቦት አለቀ፣ ሰኔ ገባ፣ ሰማዩ ከሐይቁ ማዶ መጥቆር ጀመረ፣ የእሳቸው ፊትም አብሮ ጠቆረ። በየቀኑ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ሳይ አንጀቴን በሉት።

ይህን ጊዜ ነው ሲኒማ ቤታችን አሮጌውን ስክሪን አውርዶ አዲስ ያስገጠመው። አሮጌው ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ክፍሌ ሲገባ ልቤ ዘለለ። ነጭ፣ ሰፊ፣ ንጹሕ! ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ለእድር ድንኳን እንዲሰጠን ጠየቅኩ። ሳቀብኝ።

«ባነሮቹንም አብረሽ ውሰጅልኝ። ክፍሉ ይለቀቅ እንጂ ከፈለግሽ ቀሚስ አሰፊበት» አለኝ።

ነገሩ ለእድሩ ስብሰባ ሲቀርብ ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። አንዲት ጎረቤታችን ብድግ ብላ «ስንት ጭፈራና ስንት ጥይት ያለፈበት ጨርቅ ሥር ነው እናቴን የማለቅሰው?» አለች። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀላት።

አባባ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። «ጨርቁ ምን አጠፋ? ተሰቅሎ ዋለ እንጂ አልጨፈረ። የጨፈረውንም የተኮሰውንም ስናይ የዋልነው እኛ ነን። እኛ ለቅሶ እየተቀመጥን ጨርቁ ይከለከላል እንዴ?» ሰው ሳቀ። «ነውር ከሆነ ነውሩ የእኔ ይሁን። በዚህ ድንኳን አንድ ሐዘንተኛ ካፈረ ዳኝነቱን በማግስቱ አስረክባለሁ» አሉ።

ይህን ሲሉ ደነገጥኩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው ዳኝነቱ ብቻ ነበር። እሱን ከተነጠቁ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ምን ሊሠሩ ነው?

ስክሪኑን አባባ ግቢ ውስጥ በባሕር ዛፍ እንጨት ወጠርነው። አምሮበት ነበር። ሰው እየመጣ ይነካዋል፣ ይመርቀናል። በሦስተኛው ቀን ካፊያ ጣለ። ሁላችንም ልናይ ሥሩ ገባን፤ ወዲያው ፀጉራችን ላይ እንደ ጤዛ ያለ ነገር ይወርድ ጀመር። ቀዳዳ ብንፈልግ የለም። ውኃው ግን ከየትም ቦታ ይመጣል። አባባ መሐረባቸውን አውጥተው ራሳቸውን ጠረጉና እኔን አዩኝ።

ሮጬ ፊልም የሚያሳየውን ባልደረባዬን ጠየቅኩት። «ስክሪንማ ቀዳዳ ነው» አለኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ያለ ስላልመሰለው እየተገረመ። «ስፒከሩ እኮ ከጀርባው ነው። ድምፁ በየት ይውጣ? በመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀዳዳ መዓት አለው።» ያን ያህል ዓመት የዚያን ስክሪን ትኬት ስሸጥ ቀዳዳ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ተመልሼ ለአባባ ነገርኳቸው።

«ለቅሶ ውጭ ድረስ የሚያሰማ ድንኳን ነው ያመጣሽልኝ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

ያኔ ነው ባነሮቹ የመጡት። ሐይቁ ዳር መረብ በመሥራትና ጀልባ በመጠገን የሚተዳደር አንድ ሙስሊም ጎረቤት አለን፣ የእድራችን አባል ነው። ባነሮቹን ዘርግቶ በጥፍሩ ጫረ፣ ጎተተ፣ በአፉ ውኃ ተፍቶ ገለበጣቸው።

«እታለም፣ ይሄን ይዘሽ ነው ስክሪን ስክሪን ስትይ የከረምሽው?» አለኝ። «ይሄ እኮ ጀልባም ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስታ ነበር። እሱ በመረብ ክርና በመረብ መርፌ ይሰፋል፣ እኔ ክሩን በሰም አሻለሁ፣ አባባ በየስፌቱ ላይ ማስቲሽ ይቀባሉ። የአንዱን ባነር ጠርዝ በሌላው ላይ እንደ ጣራ ቆርቆሮ አደራርበን ነው የሰፋነው፣ ውኃ እንዳይገባ። አባባ ካፖርታቸውን አውልቀው ሲሠሩ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ባነሩ የታተመበት አንድ ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው ነጭ ነው። ስለዚህ ነጩን ወደ ውጭ አደረግን፣ ሥዕሉን ወደ ውስጥ። ሥዕሉ ለቀስተኛ እንዳይታይ ደግሞ ከሥሩ ስክሪኑን ገበር አድርገን ሰፋንበት። ከውጭ ነጭ፣ ከውስጥ ነጭ። ያቺ ጎረቤታችን እንኳ መጥታ ዞራ አየች፣ በእጇ ዳሰሰችና መርቃን ሄደች።

ደመናው ባስ ያለበትን ቀን መርጠን ሞከርነው። ዝናቡ አልበቃን ብሎ በጀሪካን ውኃ እየቀዳን አፈሰስንበት። አንድ ጠብታ አልወረደም። አባባ ወለሉን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩ፣ ደረቅ ነው። የመረብ ሠሪውን ጭንቅላት ይዘው ሳሙት። እኔንም ሳሙኝ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «የማልጥለው ለምን እንደሆነ ገባህ?» አልኩት። ስለ ዝናብ ስንጨነቅ ከርመን ፀሐይ የሚባል ነገር መኖሩን ድንኳኑን የሰፋነው ሦስታችንም ረስተን ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት አረፉ። ዕድሜ የጠገቡ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወዳቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው ከእንፍራንዝ መጣች። ድንኳኑን ማለዳ ተከልነው፤ ከቀብር ሲመለሱ ሰው ገብቶ ተቀመጠ። አባባ ከመግቢያው አጠገብ ወንበር ይዘው እግራቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። እኔም ሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ሰማዩ ዳምኖ ነበር፣ ሁሉም ነገር አምሯል።

ቀትር ላይ ደመናው ተገለጠ። የክረምት ፀሐይ ድንገት ስትወጣ እንዴት እንደምታቃጥል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ድንኳኑ ውስጥ ብርሃን ሞላ። ከዚያ ከጣራው ላይ አንድ ነገር ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። አፍንጫ ነው። ከዚያ መነጽር ያደረገች ቆንጆ። ወዲያ ማዶ ሽጉጥ የደገነ ሰው። በሟች ልጅ አናት ላይ ደግሞ አንድ የሙሽራ ልብስ የለበሰ ሰውዬ አፉን ከፍቶ፣ የፊት ጥርሱን አጥቶ ይስቃል። ስክሪኑ የተሠራለትን ሥራ ነበር የሚሠራው። ብርሃን ከበራበት ያሳያል።

 አባባን አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ለቅሶው ቀዘቀዘ፣ አንድ አንድ እያለ ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ። በድንኳኑ መሐል፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል፣ በትክክለኛው አቅጣጫ፣ «በቅርብ ቀን» ይላል። ከሥሩ ያለው «በሁሉም ሲኒማ ቤቶች» በስፌቱ ውስጥ ታጥፎ ቀርቷል።

ለቅሶ ቤት፣ አናታችን ላይ፣ በቅርብ ቀን! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

የሰፈሩ ቄስ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ሲኒማ ቤት በደጁ እንጂ በውስጡ አልፈው አያውቁም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡት።

«በ… ቅርብ… ቀን» አሉ ጮክ ብለው። ትንሽ አሰቡ። «እውነት ነው። በቅርብ ቀን ይመጣል። ሁላችንንም ይጠራናል፣ ከተለዩንም ጋር ያገናኘናል። መዘጋጀት ነው። ማን እንደጻፈው አላውቅም እንጂ አስቦበት የጻፈ ሰው ነው።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ማዶ የተቀመጠው መረብ ሠሪ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ጀመር፤ ያደረገው ግን ሸበጥ ነው። አባባ አልሳቁም። የሟችን ልጅ ነበር የሚያዩት። የማሉት ሁሉ በእሷ ፊት ላይ ነው፤ ማፈሯን ወይም መከፋቷን ካዩ በማግስቱ እንደሚያስረክቡ አውቃለሁ።

እሷ የሚስቀውን ሰውዬ አንጋጣ እያየች ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ምን ሁኖ ነው እንዲህ የሚስቀው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

መዋሸት አልሆነልኝም። «ከገዛ ሠርጉ ጠፍቶ» አልኳት። «የተሳሳተ ድንኳን ገብቶ ሲበላ ነው።»

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ እንዳለ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እስከዚያ ሰዓት ያልወጣላት ዓይነት ለቅሶ። ሴቶቹ ተቀበሏት። እያለቀሰች እጄን ያዘችኝ፣ «እማዬ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር» አለች። የተናገረችውን ራሷ ስትሰማው እንደገና ሳቀች። እኔም አለቀስኩ። ስለ እናቷም፣ ስለ አባባም፣ ከጭንቁ ስለተገላገልንም።

አባባ በረጅሙ ተነፈሱና ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በሐይቁ በኩል ጠቆረ። በጣራው ላይ የነበሩት ፊቶች አንድ በአንድ ጠፉ፣ ሽጉጡም ሙሽራውም። ነፋስ መጣ፣ ገመዶቹ ጮኹ፣ ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ባነር ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፁ ኃይለኛ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ መደማመጥ አይቻልም። ሰው ሁሉ ከልማዱ የተነሣ ጣራውን እያየ ጃንጥላውን ያዝ አደረገ። ጠበቅን። የሚወርድ ነገር የለም። አንዱ ጃንጥላውን መልሶ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። የተነሣ ሰው አልነበረም።

ከውጭ ግን የሚመጣ ሰው ነበር። መንገድ ላይ ዝናቡ የያዘው ሁሉ ያገኘው መጠለያ እኛን ነው። የባጃጅ ሹፌሮች መጡ፣ ደብተራቸውን በሆዳቸው የደበቁ ተማሪዎች መጡ፣ ማንጎ በቅርጫት የተሸከመች ሴት መጣች። ለቅሶ ድንኳን ደግሞ ዝም ተብሎ አይጠለሉበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ማን እንደሞተ ሳያውቅ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል፣ ወይም «ሰብሩን ይስጣችሁ» ይላል፣ ከዚያ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። የሟች ልጅ ለሁሉም ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ማንጎ ሻጯ ከልቧ ታለቅስ ጀመር፤ የራሷ ሐዘን ነበራት መሰለኝ። እናቲቱ በሕይወታቸው ይህን ያህል ሰው አያውቁም ነበር።

ቦታ አለቀ። አባባ ተነሥተው ወንበራቸውን ለማንጎ ሻጯ ሰጡ። እሳቸው መግቢያው ላይ ግማሽ አካላቸውን ውጭ አድርገው ቆሙ፣ መንገዱን እያዩ፣ ዝናብ የያዘው ሰው ባዩ ቁጥር እጃቸውን እያወዛወዙ ይጣራሉ። «ግቡ! ቦታ አለ! ግቡ እንጂ!» ቦታ እንደሌለ ሁላችንም እናያለን። ሰው ግን ይጠጋጋል፣ ይገባል።

በሰው መሐል ተሹለክልኬ አጠገባቸው ደረስኩ። ውኃው ከጣራው ጠርዝ በቀጥታ ትከሻቸው ላይ እየወረደ ካፖርታቸው እንደዚያን ቀን ያንጠባጥባል።

«አባባ፣ እርስዎ ይግቡ እንጂ፣ ረጠቡ እኮ!» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ በእኔ ትከሻ ላይ አልፈው የሞላውን ድንኳን አዩ።

«እኔማ ገና ዛሬ ደረቅሁ» አሉኝ።